የስልሳ ቀን ስንቅ

ሊና ወደ ጎንደር ልትሄድ መሆኑን የነገረችኝ ብርጭቆ እያጠብኩ ሳለሁ ነው። «ኻልቲ፣ ለአንድ ወር ስንት ይበቃኛል?» አለችኝ። እዚህ ሱዳን፣ ገዳሪፍ፣ እንደኔ ያለችውን አሮጊት ወጣቶቹ ሁሉ ኻልቲ ይሏታል፤ አክስቴ እንደማለት ነው። ለምን ያህል ጊዜ እንደምትሄድ ጠየቅኳት። «ኢጃዛ ነው እኮ። ቢበዛ ወር፣ ወር ተኩል። ባዕደል ሐርብ እመለሳለሁ» አለችኝ። ኢጃዛ በዚህ አገር የዕረፍት ፈቃድ ነው፤ ሠራተኛ ከመሥሪያ ቤቱ ወስዶ፣ ዘመድ ጠይቆ፣ ዘና ብሎ የሚመለስበት። ባዕደል ሐርብ ደግሞ ጦርነቱ ሲያልቅ ማለቷ ነው። ሊና ካርቱም የተወለደች የሐበሻ ልጅ ናት። እናትና አባቷ እዚያው ኖረው እዚያው ተቀብረዋል፤ እሷ መድኃኒት ቤት ትሠራ ነበር። ቤታቸው ላይ ከባድ መሣሪያ ወድቆ ጣሪያው ሲሄድ በመደኒ፣ በፋው አድርጋ እኛ ከተማ ደረሰች። ያገኘኋት መኪና ማቆሚያው ላይ፣ ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣ ስታለቅስ ነው። ከዚያ ወዲህ ስድስት ወር እኔ ግቢ ኖራለች። ወደየት ነው የምትመለሽው ብዬ ልጠይቃት አፌ ላይ ከደረሰ በኋላ ዋጥኩት።

ሻንጣዋን ከፍታ አሳየችኝ። ከላይ የፀሐይ መነጽር፣ የፀጉር መተኮሻ፣ አይታቸው ለማታውቃቸው አክስቶቿ የገዛችው ሦስት ጠርሙስ ሽቶ፣ በዓል በዓል የሚሸት ቀሚስ። ብርድ ልብስ የለም። የትምህርት ማስረጃዋም የለም። «እሱ ደግሞ ለኢጃዛ ምን ያደርጋል?» አለችኝ። እኔ እንዲህ ዓይነቱን ሻንጣ አውቀዋለሁ፤ ደርሶ መልስ የሚሄድ ሰው ሻንጣ ነው። ለመኖር የሚሄድ ሰው ሌላ ነገር ይይዛል። ችግሩ፣ ሰው ከቤቱ ሲነሣ የትኛው መንገደኛ እንደሆነ አለማወቁ ነው። እኔም ስነሣ አላወቅኩም ነበር። ልጅቱን ላስረዳት ብዬ አፌን ከፈትኩና ድካም ያዘኝ። አርባ ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረውን ነገር ከየት ጀምሬ ልንገራት?

እኔና ደሴ የሚባለው ባሌ ከጭልጋ ስንነሣ ለስልሳ ቀን ነበር። የሰሊጥ አጨዳ ነው፤ ገብተን፣ አጭደን፣ ደመወዛችንን ይዘን ለገና እንመለሳለን። ስንቃችንን የለካችው እናቴ እማዋይሽ ነበረች። ሁለት ቁና በሶ፣ አንድ አቁማዳ ዳቦ ቆሎ፣ በቅል የተሞላ በርበሬ፣ ጨው። ስልሳ ቀን ብላ ቆጥራ ስልሳ አምስት አደረገችው፤ አምስቱ ለመንገድ። እኔ አንድ ቀሚስ ለብሼ አንድ ያዝኩ። ደሴ በእግሩ በርባሶ አድርጎ፣ ለሠርጋችን የተሰፋለትን የቴትሮን ሱሪ በፌስታል ጠቅልሎ ያዘ። «ለአጨዳ ሱሪ ምን ያደርግልሃል?» ብለው ሰዎች ሳቁበት። «ከተማ ማየቴ አይቀርም» አለ። እሱ እንደዚያ ነበር።

ያን ጊዜ መተማ እንደዛሬው አልነበረችም። ጥቂት የሣር ቤቶች፣ አንድ የብረት ድልድይ፣ ከታች ድንጋይ ብቻ የሆነ ደረቅ ወንዝ። ድልድዩን ስትሻገር ጋላባት ናት፤ ቋንቋው ይለወጣል፣ የሻዩ ብርጭቆ ያንሳል፣ ስኳሩ ይበዛል። ሎሪዎቹን ዛሬም በዓይኔ አያቸዋለሁ፤ ሳንቃቸው ቀይና አረንጓዴ ቀለም የተቀባ፣ ግንባራቸው ላይ የሰጎን ላባ የተሰካ። ከጋላባት ዶካ፣ ከዶካ ገዳሪፍ፣ በጥቁሩ መሬት ላይ አንድ ቀን ሙሉ። አፈሩ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ሰው እስከ ጉልበቱ ይውጣል። የከተማው የእህል ጎተራ ያ ረጅሙ ነጭ ሕንፃ ከሩቅ ብቅ ሲል ደሴ ሎሪው ላይ ቆሞ «ዝናሽ፣ ፎቁን እይው! ፎቁን!» እያለ ጮኸ። ፎቅ መስሎት ነው። ስንት ሰው ይኖርበት ይሆን ብለን ስንከራከር ገባን።

አጨዳው እንዳሰብነው አልሆነም። እኔ ለሠላሳ ሰው ገንፎ የማገነፋ ወጥ ቤት ሆንኩ፤ እነሱ አሲዳ ይሉታል፣ በደረቅ ባሚያ ወጥ ነው የሚበላው። ደሴ ከአጫጆቹ ጋር ገባ። ነዶውን እያሰሩ፣ እርስ በርሱ አደጋግፈው ያቆሙታል፤ ያንን ክምር ሂላ ይሉታል፤ ክፍያው በሂላ ነው። ደሴ ለአርባ ቀን ከማንም በላይ አቆመ። በአርባ አንደኛው ቀን ወባ ጣለው። የስልሳ ቀን ደመወዛችንን ሐኪምና መድኃኒት በላው፤ ገና አለፈ፤ ጥምቀት አለፈ። ባዶ እጃችንን መግባት አፈርን። አንድ አጨዳ እንጨምር አልን። ይኸው ነው። ሌላ ታሪክ የለውም። ሰው ለምን እዚህ እንደቀረሁ ሲጠይቀኝ ትልቅ ምክንያት ይጠብቃል፤ እኔ ግን አንድ አጨዳ እንጨምር ብለን ነው የቀረነው።

ከዚያ በኋላ እህል ገበያው አጠገብ ሻይ መሸጥ ጀመርኩ። ደሴ እዚያው ጫኝና አውራጅ ሆነ። ከኒም ዛፍ ሥር አንድ የከሰል ምድጃ፣ ስድስት ብርጭቆ፣ አራት በገመድ የተጠለፉ ዝቅተኛ በርጩማዎች። ሻይ በአሥር ግርሽ ነበር፤ ዝንጅብል ወይ ናዕናዕ የሚሉት ቅጠል ከገባበት አሥራ አምስት። የጨረታ ጊዜ ነጋዴዎቹ በነጭ ጀለቢያ ከበው ሰሊጡን በመዳፋቸው እየዘገኑ ሲያሸቱ፣ የጥምጥማቸው ንጣት ዓይን ይወጋ ነበር። ከጎኔ ካለው ሱቅ ቴፑ የሱዳን ዘፈን ሲለቅ ይውላል፤ ቫዮሊን የበዛበት፣ ረጅም፣ የማያልቅ። ቋንቋውን ሳላውቅ ዜማውን ቀድሜ አወቅኩት። አሁን ያ ሱቅ ባትሪ መሙያ ሆኗል። ከካርቱም የተፈናቀለ ሰው ስልኩን ይዞ ተሰልፎ ይቆማል፤ የሚያወራ የለም። የስኳሩም ዋጋ ጊዜ በጊዜ ይጨምራል። ዋጋውን ጠዋት ነግሬው ከሰዓት በኋላ የምቀይርበት ደንበኛ አለኝ፤ አይቆጣኝም። እሱም ደክሞታል።

ታዲያ እኔና ደሴ የተጣላነው በጉዞ ነው። ሌላ ጠባችን ትንሽ ነው። እሱ በየዓመቱ አገር ደርሰን እንምጣ ይላል፤ እኔ ጠቅልለን እስክንገባ እንቆይ እላለሁ። በሦስተኛው ዓመት ለእህቱ ሠርግ ብቻውን ሄዶ ነበር። ለአሥራ ሁለት ቀን። ለእናቱ ቶብ የሚሉትን የሱዳን ሴቶች መጎናጸፊያ፣ ለአጎቱ ፎጣ፣ ለሙሽራዋ ሽቶና ተርሙዝ፣ ለቄሱ ፋኖስ፣ ለሰፈሩ ሁሉ ሳሙናና ስኳር፣ ለራሱ አዲስ ሸሚዝ። በመኪና ከሹፌሩ ጎን ተቀምጦ ሄደ። እዚያ ሲደርስ ደግሞ ከሱዳን የመጣ ሰው አይደል፣ ሲገባ ይጋብዛል፣ ሲወጣ ይጋብዛል። የስምንት ወር ኑሯችንን በአሥራ ሁለት ቀን ጨርሶ እየዘፈነ ተመለሰ። እኔ እዚህ በደረቅ ዳቦና በፉል ስንት ቀን እንደምንኖርበት አውቅ ነበርና እንባዬ መጣ። ለመኖር የወጣ ሰው ቀኑን ያሳንሰዋል፤ የዛሬውን ስኳር ለነገ ያቆያል። ለጥየቃ የሄደ ሰው ደግሞ ቀኑን ያበዛዋል፤ ያለው አሥራ ሁለት ቀን ብቻ ነዋ! ይኼን አሁን ነው የምለው። ያን ጊዜ ያልኩት «ቤቴን በላኸው» ነው።

ቤቴ የምለው እዚያው ጭልጋ፣ አይከል ከተማ ልንሠራው ያሰብነውን ቤት ነው። ባለ ሁለት ክፍል፣ ቆርቆሮ ክዳን። ገንዘባችንን ሐጂ ሰይድ ዘንድ በአማና፣ በአደራ ማለት ነው፣ እናስቀምጥ ነበር። ሐጂ የጎንደር ሰው ናቸው፤ ገበያው አፋፍ ላይ ጨርቅ ይሸጣሉ፤ ክርስቲያኑም እስላሙም የጉልበቱን ዋጋ እሳቸው ዘንድ ነው የሚያሳድረው። ለዚያ ቤት ብዬ ሰባት ዓመት ሙሉ ጠላ ቤት አልገባሁም፣ ቶብ አልለወጥኩም። የምንኖርበት የሣር ጎጆ ውስጥ አንድ ድስት ነበረን። አንድ አልጋ ተከራይተን ነበር፤ አንገሬብ የሚሉትን፣ በጠፍር የተጠለፈውን። በሩ ላይ ጆንያ ሰቅያለሁ። ነገ ለምንለቀው ቤት በር ምን ያደርጋል? እንደዚያ ነበር የማስበው።

በሰባተኛው ዓመት፣ አጨዳው ሲጀምር፣ ከሰፈራችን የመጡ ሰዎች ካሴት ይዘውልኝ መጡ። ያን ጊዜ ደብዳቤ ማጻፍ የማይችል ሰው ድምፁን በካሴት ይልክ ነበር። የእናቴ ድምፅ ነው። ቴፕ ስላልነበረን ሐጂ ሰይድ ሱቅ ሄደን፣ የሚዘፍነውን አስቁመን አደረግነው። መጀመሪያ ዶሮ ጮኸ። ከዚያ ታናሽ ወንድሜ አዱኛ «ይናገሩ፣ ይናገሩ፣ ይቀዳል» ሲል ይሰማል። ከዚያ እናቴ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ዝናሽ ልጀ፣ እንደምን ነሽ? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴን ያመኛል እንጅ ደህና ነኝ። ልብስ አምጭልኝ አልልሽም። ስኳርም አልልሽም። ምንም ሳትይዥ ነይልኝ። መልክሽ እየጠፋብኝ ነው፤ ሳስብሽ የሠርግሽ ለት ያለውን እንጅ የዛሬውን አላውቀው። በቃ ይኸ ነው። አዱኛ አጥፋው።»

ካሴቱ ግን አልጠፋም፤ ዶሮው እየጮኸ ቀጠለ። ደሴ ፊቱን በሸሚዙ እጅጌ ጠረገ። ሐጂ ሰይድ ወደ ጨርቃቸው ዞረው ማጠፍ ጀመሩ።

«እንሂድ» አለኝ ደሴ። «ከጨረታው ማግስት እንሂድ። አሥራ አምስት ቀን።»

«ባዶ እጄን?»

«ምንም አትያዥ አለች እኮ! በጆሮሽ ሰማሽ አይደል?»

«እሷ ትላለች። ደርሼ ባዶ እጄን ብቆም ሰው ምን ይላል? የሁለታችን መሳፈሪያ፣ የሰው እጅ መንሻ፣ እዚያ የምንበላው፣ እዚህ ሥራ የምንፈታው። የግድግዳውን ገንዘብ እኮ ነው የምንበላው። ጣሪያው ብቻ ነው የቀረን፤ ለሚቀጥለው ዓመት ጠቅልለን እንገባለን፤ ያኔ በየቀኑ ታየኛለች።»

ሐጂ ሰይድ ጨርቁን ሳያስቀምጡ «ዝናሽ፣ ገንዘብሽን እኔ አኖርልሻለሁ። እናትሽን ግን የሚያኖርልሽ ሱቅ የለም» አሉኝ። ተቀየምኳቸው። ስድስት ወር ያህል ሰላምታዬን አሳጠርኩባቸው።

ግንቦት ላይ አንድ ጠዋት ደሴ ለሥራ ብሎ ወጣ፤ በምሳ ሰዓት አልመጣም። ወደ ጫኞቹ ሄጄ ብጠይቅ ወደ ጋላባት ሎሪ ተሳፍሯል አሉኝ። ወደ ሐጂ ሮጥኩ። «ለሁለት ክፈሉልኝ አለኝ፤ ከፈልኩለት። የሱን ድርሻ ወሰደ፤ ያንቺ አልተነካም፤ ወላሂ አንዲት ግርሽ አልተነካም» አሉኝ። ሱቁ በር ላይ ተቀመጥኩ። የእህቱ ሠርግ ጊዜ ትዝ አለኝ፤ ሸሚዙ፣ ግብዣው፣ ዘፈኑ። እናቴ መልክሽ ጠፋኝ እያለችኝ እሱ በቤቴ ግድግዳ ሊጨፍር ሄደ ብዬ አሰብኩ። ለሦስት ሳምንት የሰደብኩትን ስድብ አሁን ብጽፈው ያሳፍረኛል። ጎረቤቶቼም አገዙኝ፤ «እዚያ ሌላ አግብቶ ይሆናል» ያለችኝም ነበረች።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ፣ ገበያው ሞቅ ባለበት ሰዓት፣ ለአምስት ሰው ሻይ እየቀዳሁ ሳለ አንዲት አሮጊት መጥታ በርጩማው ላይ ተቀመጠች። ቀና ብዬ አላየሁም። ነጠላ ያጣፋች ሴት መሆኗን በዓይኔ ጠርዝ አይቻለሁ፤ ብዙ ሐበሻ ስለሚመጣ አልገረመኝም። እንደልማዴ በዐረብኛ «ሱከር ቀሊል ወላ ከቲር?» አልኳት፤ ስኳር ትንሽ ነው ብዙ ማለቴ ነው።

«እንግዲህ እንዳሻሽ አድርጊው» አለችኝ በአማርኛ። «መልክሽ ግን ከስቷል።»

ብርጭቆው ከእጄ ወደቀ። ደሴ ከኋላዋ ቆሞ ነበር፤ አቧራ ጠጥቶ፣ ሸሚዙ አንገቱ ላይ ተቀዶ፣ ፊቱ ላይ ሳቅም ፍርሃትም አለ። ነጋዴዎቹ ተነሡ። እናቴን «ሐጃ፣ ሐጃ» እያሉ ቦታ ለቀቁላት፤ እዚህ አገር አሮጊት ክርስቲያንም ብትሆን ሐጃ ነው የምትባለው። የዚያን ቀን ሻይ የከፈለኝ ሰው አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅኩም። አንገቷ ሥር ፊቴን ቀብሬ ቆየሁ። የሎሪ ዘይትና የአገራችን ቅቤ ይሸታት ነበር።

እናቴ ከዚያ በፊት ከአይከል ገበያ ርቃ አታውቅም። ደሴ ካሴቱን የሰማ ለት ነው ያሰበው፤ እኔ አልሄድ ካልኩ እሷን አመጣለሁ ብሎ። ድርሻውን የጨረሰው በዚህ ነው፤ በቅሎ ተከራይቶ እስከ መንገዱ፣ ከዚያ መኪና፣ መተማ ላይ ደክሟት አራት ቀን አልቤርጎ። ጋላባት ላይ ወታደሩ «ስንት ቀን ትቆያለች?» ብሎ ሲጠይቅ እናቴ በአማርኛ «ልጀን አይቼ እስክጠግብ» አለች። ደሴ «አሥራ አምስት ቀን ትላለች» ብሎ ተረጎመ።

አሥራ አምስቱ ቀን ሳያልቅ ዝናቡ ወረደ። ጥቁሩ መሬት ተዘጋ፤ ወደ ጋላባት የሚሄድ ሎሪ የለም። እናቴ አራት ወር ያህል ቆየች። በመጀመሪያው ሳምንት ጎጆዬን ዞራ አየችው። ድስቱን አነሣች፣ አስቀመጠች። ጆንያውን ገለጥ አድርጋ ወጣች፣ ገባች።

«ይኸ በር ነው?» አለችኝ።

«ለጊዜው ነው እማ።»

«ሰባት ዓመት ለጊዜው?» አለች። አልተቆጣችም፤ አዘነች። «እኔ እኮ ሱዳን ደልቷቸዋል እላለሁ። በር ሳይኖራችሁ ነው እንዴ ስትተኙ የኖራችሁት?»

በነጋታው ደሴን ይዛ ወጣችና የእንጨት በር አስመጣች። ሁለት አንገሬብ ተገዛ። ሦስት ሳህን፣ ሁለተኛ ድስት፣ መስተዋት። እኔ ከኋላቸው እየሄድኩ ዋጋ እጠይቅ ነበር፤ ደሴ «በቃ ዝናሽ፣ የኔ ድርሻ ነው» ይለኛል። የሐዋርያት ጾም እንደተፈታ ደግሞ ከሰላ እንሂድ አለ። የከሰላ መንገድ አስፋልት ስለሆነ ክረምትም አይዘጋም። ለሦስት ቀን። ምን ልንሠራ ብዬ ብጠይቀው እናቴ «ያን ተራራ ሰው ሁሉ ያወራዋልና ልየው» አለች። ሥራ የለንም፣ ለቅሶ የለብንም፣ የምንገዛው የለም። በሕይወቴ ለማየት ብቻ ብዬ መኪና የተሳፈርኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ኬላ ላይ ሐጂ የጻፉልንን ወረቀት እያሳየን ሄድን። ተራራው መጣ፤ ክብ ክብ ድንጋይ ነው፣ እንደ ጣት ጫፍ የለሰለሰ። «እግዜር ይኸንን ሲሠራ ጊዜ ነበረው» አለች እናቴ።

ከተራራው ግርጌ ካለ የፍራፍሬ ዛፍ ሥር ተቀምጠን ግሬፕ ፍሩት በጨው በላን። እናቴ መራራውን ስትቀምስ ፊቷን አጨማደደች፤ እንደገና ቆረሰች። ደሴ ለሠርጋችን የተሰፋውን የቴትሮን ሱሪ ለብሶ ነበር፤ ወገቡ ጠቦታል፤ ፀጉሩን ዘይት ቀብቷል። በፍም በጋለ ድንጋይ ላይ የተጠበሰ ሥጋ ገዛ፣ እንደገና ገዛ። በመጀመሪያው ቀን ሁሉን ነገር ቆጥሬያለሁ፤ መሳፈሪያው፣ አልጋው፣ ሥጋው። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ መቁጠሬን እንዳቆምኩ ያወቅኩት፣ እናቴ ጭኔ ላይ ጋደም ብላ ስትተኛ ነው። ፀጉሯን ስነካካ ሽበቷ ምን ያህል እንደሆነ አየሁ። ሰባት ዓመት ያላየሁት ሽበት። ያን ከሰዓት በኋላ ዛሬም አለኝ።

መስቀል አልፎ መንገዱ ሲደርቅ ሎሪ ላይ አሳፈርናት። ቶብ ልግዛልሽ ብላት እንቢ አለች። «ለሚቀጥለው ዓመት ጠቅልለን እንመጣለን» አልኳት እያለቀስኩ። እጄን ይዛ «ከመጣችሁ ደግ። ባትመጡም ግን ኑሩ። እሽ በይኝ፤ ኑሩ» አለችኝ። በዚያው በዐቢይ ጾም መሞቷን የሰማሁት ከሰሊጥ ሠራተኞች ነው፤ ከሞተች ስምንት ወር ሆኗት።

ይኼን ሁሉ አይቼ ተለውጬ ነበር ብል ደስ ባለኝ። አልተለወጥኩም። ሐዘኑ ሲበርድ ስሌቱ ተመለሰብኝ። ግማሹ ሄዷል፤ የኔን ድርሻ ይዤ ከግድግዳው እንደገና ጀመርኩ። በተጣላን ቁጥር «ቤቴን በላኸው» እለዋለሁ፤ እሱ ወጥቶ ይሄዳል። ከዚያ የሱዳን ገንዘብ ተቀየረ። አሮጌውን ኖት በጥቂት ቀን መልሱ ተባለ፤ ስሙም ተለወጠ፤ ዋጋውም ወረደ፣ ወረደ። ሐጂ ሰይድ አንድ ቀን ጠሩኝና የቀረውን አሳዩኝ። ጥፋቱ የሳቸው አልነበረም። ወስጄ በስኳር ለወጥኩት። የደሴ ድርሻ እናቴን አመጣልኝ፤ የኔ ድርሻ ሁለት ጆንያ ስኳር ገዛ። ጆንያዎቹን በጀርባው ተሸክሞ ቤት ያደረሳቸው ደሴ ነው። «ይኸው፣ አላልኩሽም ወይ?» አላለኝም። አውርዶ፣ ውሃ ጠጥቶ፣ «ለሻይ ይሆናል» ብሎ ወደ ሥራው ሄደ።

ደሴ ከሞተ አራት ዓመት አለፈው። ሳንባው ነው፤ የስንት ዓመት የእህል አቧራ። ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አጠገቡ ተቀምጬ «ያን ጊዜ እናቴን ያመጣህልኝ ጊዜ…» ብዬ ጀመርኩ። «አየ እሷስ!» አለና ሳቀ፤ ሳቁ ሳል ሆነ። ስለ ግሬፕ ፍሩቱ፣ ፊቷን እንዴት እንዳጨማደደችው አወራኝ። ነርሷ መጣች። የጀመርኩትን ሳልጨርሰው ቀረሁ። ከሁለት ቀን በኋላ እዚሁ ገዳሪፍ፣ በክርስቲያኖቹ መቃብር ቀበርነው። ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ሰው ሁሉ «እማማ ዝናሽ፣ ምን ትጠብቂያለሽ፣ አገርሽ ግቢ እንጂ» ይለኛል። አገሬ የሚወስደው መንገድም አንድ ቀን ክፍት ነው፣ አንድ ቀን ዝግ። እዚያም ተኩስ፣ እዚህም ተኩስ።

ለሊና ይኼን ሁሉ አልነገርኳትም። ሻንጣዋን ብቻ እንደገና አሰናዳሁላት። ማስረጃዋን ከመሳቢያ አስወጥቼ በላስቲክ ጠቀለልኩት። ብርድ ልብሴን ጨመርኩ። «ሽቶውን አልተውም» አለች፤ «አትተይው» አልኳት። «ዘመድሽ ጋ ስትደርሺ ጥቂት ቀን እንግዳ ሁኚ፤ ሽቶውን ስጪ፣ የጋበዙሽን ብዪ፣ ፎቶ ተነሺ፣ አትቆጥሪ። ለዚያ የሚሆነውን ለብቻው ያዢ። ከዚያ በኋላ ግን የመድኃኒት ቤት ሥራ ፈልጊ፤ በመጀመሪያው ደመወዝ የራስሽን አልጋ ግዢ።»

«አልጋ? ኻልቲ፣ እመለሳለሁ እያልኩሽ?»

«ስትመለሺ ትሸጪዋለሽ» አልኳት። የፀሐይ መነጽሯን አውጥታ ዓይኗ ላይ አደረገችው፤ ቤት ውስጥ ነበርን።

በሳምንቱ ስልኬ ጮኸ፤ የኢትዮጵያ ቁጥር ነው። መንገዱ ተዘግቶ አውቶቡሳቸው አይከል ላይ ቆሞባቸዋል፤ አምስት ቀን ሆናቸው። ሥራ ፈትታ ስትዞር፣ ስለ ሰፈሬ የነገርኳት ትዝ ብሏት፣ ሰው ጠይቃ ወንድሜን አገኘችው። የአዱኛ የድሮ ስልክ ቁጥር ከጠፋብኝ ስንት ዓመት ሆኖታል። «ኻልቲ፣ ሰው አለ፣ ላገናኝሽ» አለችና ሰጠችው።

«እቴ» አለኝ። ትቼው ስሄድ የአሥር ዓመት ልጅ ነበር። የሽማግሌ ድምፅ ነው።

ተላቀስን። ስለ ደሴ ልጅቱ ነግራዋለች፤ እግዜር ያጥናሽ አለኝ። ስለ ከብቱ፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ጥይቱ ነገረኝ። ከዚያ «መቼ ነው የምትመጭው?» አለኝ። ዕድሜዬን በሙሉ የመለስኩት መልስ አፌ ላይ መጣ፤ ለሚቀጥለው ዓመት፣ ጠቅልዬ። ደክሞኛልና አላልኩትም።

«መንገዱ ከተከፈተ ለመስቀል እመጣለሁ» አልኩት። «ለአሥራ አምስት ቀን።»

«አሥራ አምስት ቀን? ከስንት ዘመን በኋላ? ጠቅልለሽ ነይ እንጅ!»

«የለም፣ አይቻችሁ እመለሳለሁ። የምይዘው ነገር የለኝም፤ እንዲሁ ነው የምመጣው።»

«ምን ልታደርጊ ትመለሻለሽ? እዚያ ማን አለሽ?»

«ደሴ አለ» አልኩት።